ጆርጅ ኤልየት፦ ለማንወደው ሰው ልብ የሰጠች ደራሲ

የተከበራችሁ አባቶቼና እናቶቼ፣ ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ? የሳምንቱ ድካም ሳይለቃችሁ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ፣ ከሞተች ከአንድ መቶ አርባ ዓመት በላይ ስለሆናት እንግሊዛዊት ደራሲ ለመስማት ወደዚህ አዳራሽ በመምጣታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። የንባብ ማኅበራችን አስተባባሪዎች ስለ ጆርጅ ኤልየት እንድናገር ሲጠይቁኝ አላመነታሁም፤ ይህች ሴት የአገራችን ልጅ ባትሆንም የሰፈራችን ልጅ ናትና። ከእናንተ መካከል እዚሁ ኮቨንትሪ፣ ፎልስሂል የምትኖሩ አላችሁ። ከአባቷ ጋር የኖረችበት ቤት ዛሬም እዚያው ፎልስሂል፣ በስሟ በተሰየመው መንገድ ላይ ቆሟል። ወደ ኑኒተን የምትመላለሱም በከተማው መካከል ተቀምጣ የምትታየውን የነሐስ ሴት ሳታዩ አትቀሩም፤ ያ ሐውልት በ1986 የቆመው ለእርሷ ነው።

አንዲት ጓደኛዬ ኑኒተን በሚገኘው፣ በዚህችው ደራሲ ስም በሚጠራው ሆስፒታል ወልዳ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ልላት ሄጄ ነበር። ከበሩ በላይ የተጻፈውን ስም አስታውሳ «ይህ ጆርጅ ኤልየት የሚባለው ሰውዬ ታላቅ ሐኪም ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ሴት መሆኗን፣ ያውም ደራሲ መሆኗን ስነግራት ሕፃኑን እንደታቀፈች ቀና ብላ አየችኝና «ታዲያ በወንድ ስም ምን አስጠራት?» አለችኝ። ጥያቄዋ ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን የአንዲትን ሴት ሙሉ ሕይወት ይጠይቃል። ዛሬ ያንን መልስ በሦስት ከፍዬ አቀርባለሁ፦ መጀመሪያ ስለ አስተዳደጓና ከአባቷ ጋር ስላጋጫት የእምነት ጉዳይ፣ ቀጥሎ በሮች ሁሉ እንዲዘጉባት ስላደረገው ምርጫዋ፣ በመጨረሻም ስለ መጻሕፍቷ። በሦስተኛው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ወደዚህ ያመጣኝ እርሱ ነውና። የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አሳስባለሁ።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። ትክክለኛ ስሟ ሜሪ አን ኢቫንስ ነው። የተወለደችው ኅዳር 22 ቀን 1819፣ ከኑኒተን ወጣ ብሎ በሚገኘው አርበሪ በተባለ ርስት ውስጥ ነው። አባቷ ሮበርት ኢቫንስ ከአናጢነት ተነስቶ የኒውዲጌት ቤተሰብን ሰፊ ርስት ለማስተዳደር የበቃ፣ በታማኝነቱ የተመሰገነ ሰው ነበር። ልጁን በጋሪ ጭኖ ከእርሻ ወደ እርሻ ይዟት ይዞር ስለነበር፣ ገና በሕፃንነቷ የባለርስቱን አዳራሽም የጭሰኛውን ጎጆም፣ የከሰል ማውጫውንም ጥብጣብ የሚሠሩትን ሸማኔዎችም በዓይኗ አየች። እስቲ አስቡት፤ ያ ሁሉ ሰው በዚያች ልጅ ልብ ውስጥ ተቀምጦ ከሠላሳ ዓመት በኋላ እየተነሣ በመጻሕፍቷ ውስጥ መናገር ጀመረ። ከሁሉም አብልጣ የምትወደው ወንድሟን አይዛክን ነበር፤ አብረው ዓሣ ሲያጠምዱ፣ ወንዝ ለወንዝ ሲዞሩ አደጉ። ይህን ወንድም አደራ እንዳትረሱት፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆናት እናቷ ሞተችና ትምህርቷን አቋረጠች። ታላቅ እህቷ ስታገባ የአባቷ ቤት ኃላፊነት በእርሷ ጫንቃ ላይ ወደቀ። ቅቤ ታወጣለች፣ ማርማላታ ትሠራለች፣ ሠራተኞች ታዛለች፤ በተረፈው ሰዓት ደግሞ ጣልያንኛና ጀርመንኛ፣ ላቲንና ግሪክ ትማራለች። በዚያ ዘመን ዩኒቨርሲቲ ለሴት ዝግ እንደነበር ልብ በሉልኝ። ኦክስፎርድም ካምብሪጅም ሊቀበሏት የማይችሉት ይህች ልጅ፣ እጇ ቅቤ እንደነካ መዝገበ ቃላት እየገለጠች ከዘመኗ ሊቃውንት ጋር የምትወዳደር ምሁር ሆነች።

በ1841 ከአባቷ ጋር ወደ ፎልስሂል መጡ። እዚህ ቻርልስ ብሬይ ከተባለ የጥብጣብ ፋብሪካ ባለቤትና ከሚስቱ ከካራ ጋር ተዋወቀች። በቤታቸው በነጻነት ያስቡ፣ በነጻነት ይከራከሩ ነበር። ሜሪ አን በልጅነቷ እጅግ ጥብቅ ሃይማኖተኛ ነበረች፤ ብዙ ካነበበችና ካሰበች በኋላ ግን በ1842 መጀመሪያ ላይ የማታምንበትን እያስመሰለች ቤተ ክርስቲያን መሄድ እንደማትችል ለአባቷ ነገረችው። ቤቱ ተናወጠ፤ አባትየው ቤቱን ለቅቆ ሊለያት እስከ ማሰብ ደረሰ፤ እርሷም ለጥቂት ሳምንታት ወንድሟ ዘንድ ተጠጋች።

እኔ ራሴ ጾሙንና ጸሎቱን ጠብቄ የምኖር ክርስቲያን ነኝ፤ እዚህም ያለነው አብዛኞቻችን እንደዚያው ነን። በደረሰችበት መደምደሚያ አልስማማም። የማከብረው ግን ጠቡ ያበቃበትን መንገድ ነው። አባቷ «ከእኔ ጋር ቤተ ክርስቲያን ትሄጃለሽ፤ በልብሽ የምታስቢው ግን የራስሽ ነው» በሚል ስምምነት ተቀበላት፤ እርሷም የሽማግሌውን ልብ ላለመስበር እሑድ እሑድ አብራው መቀመጥ ጀመረች። በ1849 እስከሞተበት ቀን ድረስ ያስታመመችው፣ ሌሊት ሌሊት አጠገቡ ተቀምጣ ያነበበችለት እርሷ ናት። ከእውነት በላይ የሚወደድ ነገር የለም ብላ የተነሣች ልጅ፣ የሰው ስሜትም ራሱ እውነት መሆኑን የተማረችው ከዚያ ክርክር ነው ብዬ አምናለሁ።

በነዚያው ዓመታት ከጀርመንኛ የተረጎመችው፣ ዳዊድ ስትራውስ የኢየሱስን ሕይወት በታሪክ ዓይን የመረመረበት ግዙፍ ሥራ በ1846 ሲታተም ስሟ አልተጻፈበትም፤ የተከፈላትም 20 ፓውንድ ብቻ ነበር። የስቅለቱን ምዕራፍ ስትተረጉም መንፈሷ እጅግ ታውኮ ነበር፤ የክርስቶስን ምስል ፊት ለፊቷ አድርጋ እያየች በዚያ ትጽናና እንደነበር ካራ ብሬይ ጽፋለች። ባታምንም ታዝን ነበር። ይህን ያዙልኝ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ እንሸጋገር። አባቷ ከሞተ በኋላ በ1851 ለንደን ገባች። ስትራንድ በተባለው ጎዳና ቁጥር 142 የሚገኘው የአሳታሚው የጆን ቻፕማን ቤት የሊቃውንት መናኸሪያ ነበር። ቻፕማን ዌስትሚንስተር ሪቪው የተባለውን ታላቅ መጽሔት ገዝቶ ነበርና በወረቀት ላይ አዘጋጁ እርሱ ሲሆን፣ ጽሑፍ የምትመርጠው፣ የምታርመው፣ ጸሐፊዎቹን የምታባብለው እርሷ ነበረች። ሥራው የሴት፣ ስሙ የወንድ። እንዲህ ያለውን ነገር በየሥራ ቦታችሁ አላያችሁም?

በዚያው ጊዜ ጆርጅ ሄንሪ ሉዊስ ከተባለ ጸሐፊና የሳይንስ ሰው ጋር ተዋደዱ። ሉዊስ ባለትዳር ነበር። ሚስቱ አግነስ ግን ከቅርብ ወዳጁ ልጆች ወልዳለች፤ ሉዊስም የመጀመሪያውን ልጅ በራሱ ስም አስመዝግቧል። የአገሩ ሕግ ደግሞ ይህን እንደ ይቅርታ ስለሚቆጥረው ሚስቱን ለመፍታት መብት አልነበረውም። ትዳሩ ፈርሷል፤ ሕጉ ግን አልፈረሰም ይላል። በሐምሌ 1854 ሁለቱ ተያይዘው ወደ ጀርመን ሄዱ፣ በቫይማርና በበርሊን ከርመው ተመለሱ፤ ከዚያ በኋላ እርሱ እስከሞተበት እስከ 1878 ድረስ እንደ ባልና ሚስት ኖሩ። ከመጻሕፍቷ በምታገኘው ገቢ የሉዊስን ልጆች አሳድጋለች፤ አግነስንም ስትረዳ ኖራለች።

የለንደን ሰው ግን ይህን ሁሉ ሊያይ አልፈለገም። ሉዊስ እራት ይጋበዛል፤ እርሷ አትጋበዝም። ወንዶች ቤቷ ይመጣሉ፤ ሚስቶቻቸውን ግን አያመጡም። ጥፋት ከተባለ የሁለቱ ነበር፤ ዕዳውን የከፈለችው ግን አንዷ ናት።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር ነው? አይደለም። ባደግሁበት ሰፈር ሰማንያ ሳይፈረምላት ከባለትዳር ሰው ጋር የምትኖር ሴት ነበረች። ሰውየው ዕድር ይቀመጣል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ ሽምግልና ይጠራል። እርሷ ለቅሶ ስትመጣ ከድንኳኑ ጠርዝ ትቀመጣለች፤ ቡና ጠጡ ብላ ብትልክ የሚመጣላት የለም። አንድ የበዓል ቀን እናቴ ድፎ ዳቦ ቆርሳ፣ በሰፌድ አድርጋ፣ በነጭ ጨርቅ ሸፍና ወደ እርሷ ላከችኝና «ሰጥተሽ ከደጅ እንዳትመለሺ፤ ግቢና ተቀመጪ፤ ቡና ካፈላች ሦስተኛውን ሳትጠጪ እንዳትነሺ» አለችኝ። ልጅ ቡና በማይሰጥበት አገር! ገብቼ ተቀመጥሁ። ቤቱ ተጠርጓል፤ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፤ ረከቦቱ ላይ ስኒዎቹ ሙሉውን ተደርድረዋል። ከእኔ በቀር የመጣ ሰው አልነበረም። ሴትዮዋ እንደ ትልቅ እንግዳ ቆጥራ ቡናውን በሁለት እጇ ስትሰጠኝ እጆቿ ይንቀጠቀጡ ነበር። እናቴ ስለዚያች ሴት አኗኗር ምን ታስብ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም፤ አንድም ቀን አልተናገረችም። ማንበብ የማትችለው እናቴ ያን ቀን የሠራችውን፣ ጆርጅ ኤልየት በሺህ የሚቆጠሩ ገጾች ሙሉ ስትሠራው ኖራለች።

እንግዲህ የጓደኛዬ ጥያቄ መልስ እዚህ ላይ ነው። በ1856 መገባደጃ፣ ሠላሳ ሰባተኛ ዓመቷን ልትይዝ ስትል፣ በሉዊስ ብርታት የመጀመሪያውን ልብ ወለድ ታሪኳን ጻፈች። ሉዊስ ጽሑፉን የአንድ ዓይናፋር ወዳጁ ሥራ አስመስሎ የኤድንብራ አሳታሚ ለነበረው ለጆን ብላክውድ ላከው። በእውነተኛ ስሟ ቢወጣ ኖሮ ሰው ታሪኩን ትቶ ኑሮዋን ነበር የሚያነብበው። ከዚህም በላይ ተቺዎች የሴት ድርሰት መሆኑን ካወቁ ወይ በልግስና ያሞካሹታል፣ ወይ በንቀት ያልፉታል፤ ሁለቱም ከቁም ነገር አይገባም። እርሷ ራሷ በዚያው ዓመት፣ በብልጭልጭ ታሪክ የሚነግዱትን የዘመኗን ሴት ደራስያን ያለ ርኅራኄ ተችታ ነበርና ሚዛኑ ለሴትም ለወንድም አንድ እንዲሆን ትፈልግ ነበር። ስለዚህ ጆርጅ የሚለውን ከሉዊስ ስም ወሰደች፤ ኤልየት የሚለውንም አፍ የሚሞላና ለመጥራት የሚቀል ሆኖ ስላገኘችው ጨመረችበት።

ምስጢሩ ብዙ አልቆየም። ዝነኛው ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ የመጀመሪያ ታሪኮቿን አንብቦ በ1858 በጻፈላት ደብዳቤ፣ ይህን የጻፈችው ሴት ናት ብሎ እንደሚጠረጥር ገለጸላት። በሚቀጥለው ዓመት «አዳም ቢድ» ወጥቶ እንግሊዝን ሲያነጋግር፣ ሊጊንስ የሚባል የኑኒተን ሰው ደራሲው እርሱ ነው ተብሎ ወሬው ተናፈሰ፤ እንዲያውም ገንዘብ ሊዋጣለት ተሞከረ። በዚህ የተነሣ ማንነቷን ለመግለጥ ተገደደች። ታዲያ ምን ሆነ? ስሟን ለመጥራት ይጸየፉ የነበሩት ሰዎች መጽሐፏን መልሰው መደርደሪያ ላይ ሊያስቀምጡት አልቻሉም። ንግሥት ቪክቶሪያ ራሷ «አዳም ቢድ»ን ወድዳ ከታሪኩ የተወሰዱ ሥዕሎች እንዲሣሉላት አዘዘች። ኋላማ እሑድ ከሰዓት በሬጀንት ፓርክ አጠገብ ወደሚገኘው ቤቷ ታላላቅ ሰዎች ይጎርፉ ጀመር፤ የሳይንስ ሰው ዳርዊን፣ ደራስያኑ ቱርጌኔቭና ሄንሪ ጄምስ ሁሉ ደጇን ረግጠዋል።

ያልመጣው ወንድሟ ነበር። አይዛክ በ1857 ከሉዊስ ጋር መኖሯን ስትጽፍለት መልስ የሰጣት በጠበቃ ነው። እርሱ ዝም አለ፤ እህታቸውም እንዳትጽፍላት አደረገ። ዝምታው ሃያ ሦስት ዓመት ቆየ። በዚያ ዝምታ መካከል፣ በ1860፣ «ዘ ሚል ኦን ዘ ፍሎስ» የተባለውን ልብ ወለድ አሳተመች፤ ታሪኩ ስለ አንዲት አስተዋይ ልጅና ስለማይበገር ወንድሟ ነው። አንብባችሁት ከሆነ ቶም የተባለውን ወንድም አስታውሱ። ደራሲዋ ልትበቀለው ትችል ነበር፤ ብዕሩ በእጇ ነው። እርሷ ግን ቶምን ከውስጥ አሳየችን፦ አባቱ ሲከስር ዕዳውን ሊከፍል ሳንቲም በሳንቲም የሚያጠራቅም፣ ለራሱም የማይራራ፣ ትክክለኛ ነገር ለማድረግ ሲል የደረቀ ልጅ። ፈረንሳዊው ደራሲ ማርሴል ፕሩስት የዚህን መጽሐፍ ሁለት ገጽ ካነበበ እንባው እንደሚመጣ ጽፏል፤ እኔም ቶም ከእህቱ ጋር በጎርፉ ውስጥ ጀልባዋ ላይ ሲተያዩ ያለውን ቦታ ደርቄ አንብቤው አላውቅም።

ጊዜው እየሄደ ስለሆነ ወደ ሦስተኛውና ወደ ዋናው ነጥቤ ልለፍ። ጆርጅ ኤልየት ከሷ በፊት ያልነበረ ምን አመጣች? በአንድ ዓረፍተ ነገር ልናገረው ብባል፣ አንባቢው የማይወደውን ሰው ከውስጥ እንዲያየው ማስገደድን አመጣች እላለሁ። ደግ ሰው እንድንወድ ማድረግ ብዙ ደራሲ ይችላል። ድሃ እንዲያሳዝነን ማድረግም ዲከንስን የመሰለ ጌታ አለው። ሰልቺውን፣ ቀዝቃዛውን፣ አስመሳዩን፣ ከጎናችን ተቀምጦ የሚያናድደንን ሰው ግን ማን ያስብልናል?

በ1871 መጨረሻ መውጣት ጀምሮ በ1872 ያለቀውን፣ በስምንት ክፍል የታተመውን «ሚድልማርች»ን እንመልከት። ታሪኩ የሚካሄደው በ1829 እና በ1832 መካከል፣ እዚህ ኮቨንትሪን በምትመስል የገጠር ከተማ ነው። ዶሮቲያ የተባለች፣ ለታላቅ ነገር የምትመኝ ወጣት ካሶቦን የተባለውን ሽማግሌ ካህንና ሊቅ ታገባለች። ካሶቦን የዓለምን አፈ ታሪኮች ሁሉ የሚፈታ መጽሐፍ እጽፋለሁ ብሎ ዕድሜውን በማስታወሻ የፈጀ ሰው ነው፤ መጽሐፉ ግን አያልቅም። ሙሽራይቱ ገና ሮም ሳሉ ታለቅሳለች። አንባቢው ሽማግሌውን ይጠላዋል፤ እኔም ጠልቼዋለሁ። ከዚያ ሃያ ዘጠነኛው ምዕራፍ ይመጣል። ተራኪዋ ስለ ዶሮቲያ መናገር ትጀምርና ዓረፍተ ነገሩን መካከሉ ላይ ትሰብረዋለች፤ ለምን ሁልጊዜ ስለ ዶሮቲያ ብቻ? ብላ ትጠይቃለች። በዚህ ትዳር ውስጥ የሚያስብና የሚጎዳው እርሷ ብቻ ናት እንዴ? ከዚያም ወደ ካሶቦን ልብ ይዛን ትገባለች። እዚያ ምን አለ? ፍርሃት አለ። ሊቃውንት ይስቁብኛል የሚል ፍርሃት፣ ሥራዬ ከንቱ ነው የሚል ለራሱም የማይናዘዘው ጥርጣሬ፣ ደስታ እንዴት እንደሚገባ የማያውቅ የተጨማደደ ነፍስ። ምዕራፉን ስንጨርስ ሰውየውን ላንወደው እንችላለን፤ መናቅ ግን አንችልም።

የአባቴ ታላቅ ወንድም ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። የአውራጃችንን ታሪክ እጽፋለሁ እያሉ ደብተር በደብተር ላይ ይከምሩ ነበር። እኛ ልጆች ድምፅ ካሰማን በምርኩዛቸው በሩን ይደበድቡብናል። እርሳቸው ሲያርፉ መጽሐፉ አልወጣም፤ ደብተሮቹ በገመድ ታስረው ከአልጋቸው ሥር ተገኙ። ክፉ ሽማግሌ አድርጌ ይዣቸው ኖርሁ። ያን ምዕራፍ ካነበብሁ በኋላ ግን የማስታውሳቸው ሌላ ሆኖ ነው፦ ማታ ማታ ፋኖሱን ከፍ አድርገው፣ አንዱን ገጽ ደጋግመው ሲሰርዙ፣ በር የሚደበድቡት በእኛ ተናድደው ሳይሆን ጊዜያቸው እያለቀ መሆኑን እያወቁ መሆኑ ይታየኛል። ማንስ ይህን አሳየኝ? ጋሼን ዐይታ የማታውቅ እንግሊዛዊት።

ካሶቦንን ከማን ወስደሽ ነው የሣልሽው ብሎ አንድ ወዳጇ ሲጠይቃት እጇን ወደ ራሷ ልብ እንዳመለከተች ይነገራል። እባካችሁ ይህን አስቡበት። የዘመኑ ሰው ሁሉ በዶሮቲያ ውስጥ ሲፈልጋት፣ እርሷ ግን ሥራዬ ከንቱ ይሆን ብሎ በሚሸበረው ሽማግሌ ውስጥ ራሷን አኑራ ነበር።

ከዚሁ መጽሐፍ አንድ ትዕይንት ልጨምር፤ ይህን ሳልናገር ብወርድ ቅር ይለኛል። በልስትሮድ የተባለው ባለ ባንክ በከተማው የተፈራ፣ ሃይማኖተኛ ነኝ ባይ ሀብታም ነው። ኋላ ሀብቱ በማታለል የተገኘ መሆኑ ይገለጣል፤ ለአንድ ሰው ሞት ምክንያት ሆኗል ተብሎም ይታማል። ከተማው ፊቱን ያዞርበታል። ሚስቱ ሃሪየት ጌጥ የምትወድ፣ የሰው አክብሮት የምትወድ፣ እንዲሁ ተራ ሴት ናት። ጉዱን ከወንድሟ አፍ ትሰማለች። ቤቷ ገብታ በሯን ቆልፋ ብቻዋን ታለቅሳለች። ከዚያ ጌጧን ሁሉ ታወልቃለች፤ ጥቁር ልብስ ትለብሳለች፤ የተሽሞነሞነውን የራስ መሸፈኛዋን አውርዳ ተራ ቆብ ታደርጋለች። ወደ ባሏ ትወርዳለች። እርሱ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል፤ አላያትም። አጠገቡ ሄዳ፣ እጇን እጁ ላይ አሳርፋ፣ ቀና በል ትለዋለች። ሌላ ቃል የለም፤ ምን አደረግህ ብላ አትጠይቅም፤ እርሱም አላደረግሁም አይልም። አብረው ያለቅሳሉ። ማቅ መልበስ ምን እንደሆነ ለምናውቅ ለእኛ ይህ ትዕይንት ማብራሪያ አያስፈልገውም። እርሷ ራሷ የለንደን ደጆች የተዘጉባት ሴት ስለነበረች፣ ውርደት በደረሰበት ሰው አጠገብ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ ታውቅ ነበር።

ይህን ስል ሁሉም ሥራዋ እኩል ነው ማለቴ አይደለም። ስለ ፍሎረንስ የጻፈችው «ሮሞላ» በዕውቀት ብዛት የከበደ ነው። አሳታሚ 10,000 ፓውንድ ሊሰጣት ተነጋግሮ በመጨረሻ በ7,000 የተስማማችበት፣ በዘመኑ የተደነቀ ዋጋ የወጣበት መጽሐፍ ቢሆንም፣ እኔ በግድ ነው የጨረስሁት። ለሴቶች መብት የሚከራከሩ አንባቢዎችም ተገቢ ቅሬታ አላቸው፤ ራሷ የደረሰችበትን ነጻነትና ዝና ለአንዲትም ዋና ሴት ገጸ ባሕርይዋ አልሰጠችም ይሏታል። እውነት ነው፤ አልሰጠችም። የጻፈችው ግን እንደ እርሷ ዕድል ስላልቀናቸው ስለ ብዙኃኑ ሴቶች ነበር ብዬ እመልሳለሁ። በተግባርም ቢሆን፣ በካምብሪጅ የመጀመሪያው የሴቶች ኮሌጅ የሆነው ገርተን ሲቋቋም 50 ፓውንድ ካዋጡት መካከል ነበረች፤ ስጦታውን የላከችው «ከሮሞላ ደራሲ» በሚል ነው።

የመጨረሻ ልብ ወለዷ «ዳንኤል ዴሮንዳ» በ1876 ወጣ። ያን መጽሐፍ ለመጻፍ ዕብራይስጥ ተምራለች፤ አይሁዳውያን በአውሮፓ ይናቁ በነበረበት ዘመን በአክብሮትና በጥልቅ ዕውቀት ጻፈችላቸው። ዘመናዊውን ዕብራይስጥ እንደገና መነጋገሪያ ለማድረግ የታገለው ኤሊዔዘር ቤን የሁዳ ያን መጽሐፍ ደጋግሞ አንብቦ ተበረታቶበታል። ዛሬ በኢየሩሳሌምም በቴል አቪቭም በስሟ የተጠራ ጎዳና አለ፤ እዚያ ዘመድ ያላችሁ ጠይቋቸው፣ ምናልባት በየዕለቱ ያልፉበት ይሆናል።

ሉዊስ በ1878 ሲሞትባት ኀዘኗ እጅግ ከበደ። ሥራው ተቋርጦ እንዳይቀር ያላለቀውን መጽሐፉን አጠናቅራ አሳተመችለት፤ በካምብሪጅም ወጣት የሥነ አካል ተመራማሪዎች የሚረዱበት ገንዘብ በስሙ አቋቋመች። ኋላ የኖቤል ተሸላሚ የሆነው ቻርልስ ሼሪንግተን ከዚያ ገንዘብ ከተጠቀሙት አንዱ ነው። በግንቦት 1880 በሃያ ዓመት ከሚያንሳት ወዳጇ ከጆን ክሮስ ጋር በቤተ ክርስቲያን ተጋባች። ያን ጊዜ ከሃያ ሦስት ዓመት ዝምታ በኋላ የአይዛክ የእንኳን ደስ ያለሽ ደብዳቤ መጣ። ምን ብላ የመለሰች ይመስላችኋል? ወቀሳ የለም፤ ቁጣ የለም። ረጅሙ ዝምታችን ከሕፃንነታችን የጀመረውን ፍቅሬን አልሰበረውም ብላ ጻፈችለት። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 22 ቀን ቼልሲ በሚገኘው ቤቷ አረፈች። የአገሪቱ ታላላቅ ሰዎች በሚቀበሩበት ቤተ ክርስቲያን፣ በዌስትሚንስተር አቢ፣ እንድትቀበር የጠየቁ ነበሩ፤ እምነቷና ኑሮዋ ግን እንቅፋት ሆኑባትና በሃይጌት መካነ መቃብር ከሉዊስ አጠገብ ተቀበረች። አይዛክ ለቅሶው ላይ ተገኝቷል። አቢው ውስጥ የመታሰቢያ ድንጋይ የተቀመጠላት በ1980፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ነው።

እንግሊዛዊቷ ደራሲ ቨርጂኒያ ዉልፍ በ1919 ስለ እርሷ ስትጽፍ «ሚድልማርች»ን ለዐዋቂ ሰዎች ከተጻፉት ጥቂት የእንግሊዝ ልብ ወለዶች አንዱ ብላዋለች። በ2015 ደግሞ ቢቢሲ ከብሪታንያ ውጪ ያሉ ሐያስያንን ከብሪታንያ ልብ ወለዶች የትኛው ይበልጣል ብሎ ሲጠይቅ አንደኛ የወጣው ይኸው መጽሐፍ ነው።

ከመውረዴ በፊት አንድ ልመና አለኝ። ከዚህ ስትወጡ «ሚድልማርች»ን ፈልጋችሁ አትጀምሩ፤ ርዝመቱ ያስደነግጣችኋል። በ«ሳይለስ ማርነር» ጀምሩ። አጭር ነው፤ በ1861 የወጣ፣ በሐሰት ተወንጅሎ ከሰው ስለራቀ፣ የሚወደው ወርቁ ብቻ ስለሆነ አንድ ሸማኔና ወርቁ ከተሰረቀ በኋላ በበረዶ ሌሊት ቤቱ ገብታ ስላገኛት ሕፃን ልጅ የሚተርክ ነው። እንግሊዝኛው የሚከብዳችሁ ከልጆቻችሁ ጋር አንብቡት፤ እነርሱ ቃላቱን ይርዷችሁ፣ እናንተ ደግሞ ከአገር ወጥቶ፣ ስሙን የሚያውቅለት ሰው በሌለበት ሰፈር፣ ከሥራው በቀር ወዳጅ ሳይኖረው መኖር ምን እንደሆነ ንገሯቸው። እርሱን ስትጨርሱ ወደ «ዘ ሚል ኦን ዘ ፍሎስ» ተሻገሩ፤ «ሚድልማርች»ን ለክረምቱ ረጅም ሌሊት አቆዩት፤ በሚቀጥለው ጉባኤያችን ሃያ ዘጠነኛውን ምዕራፍ አብረን እናነብበዋለን። ስላዳመጣችሁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ጥያቄ ያላችሁ ካላችሁ አሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።